ትራይተን ኤክስ-100፦ በቀላሉ የሚገባ፣ በቀላሉ የማይወጣ ዲተርጀንት

የባዮኬሚስትሪ ላብ መደርደሪያ ላይ አንድ ዲተርጀንት ብቻ ይቀመጥ ቢባል ብዙ ሰው እጁን የሚዘረጋው ወደ ትራይተን ኤክስ-100 ጠርሙስ ነው። ዋጋው አይከብድም፣ የእንስሳ ሕዋስን በደቂቃዎች ይከፍታል፣ አብዛኞቹን ኢንዛይሞች ሥራቸውን ሳያስተጓጉል ያወጣል። ግን አንዴ ናሙና ውስጥ ከገባ እንግድነቱን ይረሳና ቤተኛ ይሆናል። በዳያሊሲስ (ጥቃቅን ቀዳዳ ባለው ከረጢት አድርጎ በማጠብ) አይወጣም፣ በፊልተር ቱቦ አያልፍም፣ የፕሮቲን ልኬት ያምታታል፣ የሞለኪውሎችን ክብደት የሚለካው ማስ ስፔክትሮሜትር ውስጥ የገባ ዕለት ደግሞ የመሣሪያውን ኃላፊ ፊት ማየት አያስመኝም። ምስጋናውም ወቀሳውም የሚመነጨው ከአንድ ቦታ ነው፦ ውሃ የዚህን ሞለኪውል ጭራ አቅፎ መያዝ አይሆንለትም።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ቀለም አልባ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ እንደ ማር የሚዝለገለግ ፈሳሽ ነው። እያንዳንዱ ሞለኪውል በአንድ ጫፉ ስምንት ካርቦን ያለው ቅርንጫፋም ሰንሰለት ከፌኒል ቀለበት ጋር ተያይዞበታል፤ ውሃ ጠሉ ጭራ ይህ ነው። በሌላው ጫፍ የኤትሊን ኦክሳይድ ቁራጮች ተቀጣጥለው ውሃ ወዳዱን ራስ ይሠራሉ። የቁራጮቹ ብዛት በአማካይ 9.5 ነው። ግማሽ ቁራጭ ያለው ሞለኪውል ስላለ አይደለም፤ ምርቱ ራሱ አጭርም ረጅምም ራስ ያላቸው ሞለኪውሎች ቅይጥ ስለሆነ ነው። አማካይ ሞለኪውላዊ ክብደቱ 625 አካባቢ ይሆናል። ይህ ቅይጥነት ለሕዋስ መክፈቻ ምንም አያመጣም፤ ማስ ስፔክትሮሜትሪ ላይ ስንደርስ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ዘይት ውሃን ይጠላል የሚባለው ለአነጋገር ያህል ነው። ዘይትና ውሃ ሲነካኩ በመሃላቸው ደካማም ቢሆን መሳሳብ አለ፤ ጥል የለም። ነገሩን የሚወስነው ውሃ ለራሱ ያለው ፍቅር ነው። አንድ የውሃ ሞለኪውል በሃይድሮጅን ቦንድ እስከ አራት ጎረቤቶቹን ይይዛል፤ አንዱን እየለቀቀ ሌላውን እየያዘ ያለማቋረጥ ይገለባበጣል። ዘይት መሃሉ ሲገባበት በዙሪያው ያለው ውሃ እጁን ወደ ዘይቱ ቢዘረጋ የሚጨብጠው የለም። ስለዚህ እጆቹን ሁሉ ከዘይቱ አዙሮ ለመያዝ ይገደዳል፤ የመገለባበጥ ነጻነቱ ይጠብበታል። በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚከፈለው ዋጋ በአብዛኛው ይህ የነጻነት መጥበብ ነው፤ ኬሚስቶች የኤንትሮፒ ኪሳራ ይሉታል። ዘይቶቹ ሲሰባሰቡ ለውሃ የተጋለጠው ገጻቸው ያንሳል፣ ታስሮ የነበረው ውሃም ይለቀቃል። ወጥ ላይ የዘይት ጠብታዎች እየተቀላቀሉ ሲሰፉ የሚታየው ይኸው ነው። ዘይቱ ዘይትን ፈልጎ ሳይሆን ውሃው ገፍቶት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1959 ዋልተር ካውዝማን ፕሮቲኖችን አጥፎ ከሚይዙት ኃይሎች ዋነኛው ይህ መሆኑን ካሳየ ወዲህ የሕዋስ ግንባታ በዚሁ መነጽር ይታያል። ሜምብሬን፣ ማለትም የሕዋስ ሽፋን፣ የሚቆመው በሙጫ አይደለም። የፎስፎሊፒድ (የሜምብሬኑ ስብ) ጭራዎች ከውሃ ሸሽተው ውፍረቱ 3 ናኖሜትር ገደማ የሆነ ዘይታማ እምብርት ይሠራሉ። በሜምብሬን ውስጥ የሚያልፉ ፕሮቲኖችም ልካቸው የተሰፋው በዚሁ ነው፦ አንድ የአልፋ ሂሊክስ አሚኖ አሲድ 0.15 ናኖሜትር ስለሚረዝም 20 ያህል ውሃ ጠል አሚኖ አሲዶች እምብርቱን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣሉ። እንዲህ ያለውን ፕሮቲን ራቁቱን ውሃ ውስጥ ብታስገቡት ያ 3 ናኖሜትር መቀነት ከሌላው መቀነት ጋር ይጣበቃል፤ ቱቦው ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ታያላችሁ። የትራይተን ሥራ ሜምብሬኑን በትኖ መቀነቱን በራሱ ጭራዎች መጠቅለል ነው።

ምን ያህል ይበቃል? እዚህ ላይ ሲኤምሲ የሚባለውን ቁጥር፣ ዲተርጀንቱ መጠቅለል የሚጀምርበትን መጠን፣ መያዝ ግድ ነው። ትራይተን እስከ 0.24 ሚሊሞላር፣ ማለትም 0.015 በመቶ ድረስ ነጠላ ነጠላ ሆኖ ይዋኛል። ከዚያ በላይ የሚጨመረው ሁሉ ሚሴል ይሆናል፤ መቶ አርባ ያህል ሞለኪውሎች ጭራቸውን ወደ ውስጥ፣ ራሳቸውን ወደ ውጭ አድርገው ይጠቀለላሉ። የአንዱ ሚሴል ክብደት 90 ኪሎዳልተን አካባቢ ነው፤ ከብዙ ፕሮቲኖች ይበልጣል። የተለመደው 1 በመቶ ከሲኤምሲው 65 እጥፍ በላይ ስለሆነ ቱቦው ውስጥ ያለው ትራይተን ከሞላ ጎደል ሁሉም በሚሴል መልክ ነው። ነጠላው መጠን ግን 1 በመቶም ጨመራችሁ 5 በመቶ ከ0.24 ሚሊሞላር ብዙ አይርቅም። ይህን ቁጥር ያዙት፤ ኋላ ላይ ስለ ማስወጣት ስናወራ የችግሩ ሁሉ መነሻ እሱ ነው።

ከጠርሙሱ በቀጥታ በፒፔት መቅዳት የመጀመሪያው ስህተት ነው። ፈሳሹ ከጫፉ ውስጥ ተጣብቆ ይቀራል፣ ከውጭም ይለጠፋል፣ 100 ማይክሮ ሊትር ብላችሁ የጨመራችሁት 70 ይሁን 130 አይታወቅም። አስቀድሞ 10 በመቶ ስቶክ (እየቀነሱ የሚጠቀሙበት ወፍራም ብጥብጥ) ማዘጋጀት ይሻላል፤ እሱንም በሚዛን። ጥግግቱ 1.07 ስለሆነ 10 ሚሊ ሊትር ማለት 10.7 ግራም ነው። ቢከሩን ሚዛን ላይ አስቀምጣችሁ 10.7 ግራም አፍስሱ፣ ውሃ ጨምራችሁ 100 ሚሊ ሊትር ሙሉ። መጀመሪያ እንደ ንፍጥ ይጓጎላል፤ አትደንግጡ። ማግኔቱን በዝግታ እያዞራችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ተዉት፤ እስከ 40 ዲግሪ ለብ ቢደረግ ይፈጥናል። ቮርቴክስ ላይ መያዝ ትርፉ አረፋ ነው። ስቶኩ ሲጠራ በ0.22 ማይክሮሜትር ፊልተር አሳልፋችሁ ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ።

አውቶክሌቭስ (በእንፋሎት ግፊት ማምከንስ)? ይቻላል፤ ግን ሲወጣ ለማያውቀው ያስደነግጣል። ትራይተን 64 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ብጥብጡ በድንገት ወተት ይመስላል። ውሃ ወዳዱ ራስ ውሃ ወዳድ የሆነው ኦክሲጅኖቹ ውሃን በሃይድሮጅን ቦንድ ስለያዙ ነው፤ ሙቀት ሲጨምር ይህ ውሃ ይላቀቅና ራሱም እንደ ጭራው ከውሃ መሸሽ ይጀምራል። ሚሴሎቹ ተጣብቀው ከታች ወፍራም ንብርብር ይሠራሉ። ሲቀዘቅዝ በደንብ ከተነቀነቀ ተመልሶ ይጠራል። ሳይነቀነቅ ከላዩ የተቀዳ ግን ትራይተን የለውም ማለት ይቻላል፤ ባፈሩ (ፒኤች የሚጠብቀው ብጥብጥ) ሠራ አልሠራ የሚለው ክርክር አንዳንዴ መነሻው እዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ። ለ10 ሚሊ ሊትር የመክፈቻ ባፈር፦ ፒኤች 7.5 የሆነ 1 ሞላር ትሪስ 0.5 ሚሊ ሊትር፣ 5 ሞላር ሶዲየም ክሎራይድ 0.3 ሚሊ ሊትር፣ 0.5 ሞላር ኢዲቲኤ (የብረት አዮኖችን የሚይዝ) 0.02 ሚሊ ሊትር፣ የ10 በመቶው ትራይተን 1 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ 8.18 ሚሊ ሊትር። የፕሮቲኤዝ (የፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይም) ማገጃው የሚገባው ልክ ከመጠቀም በፊት ነው፤ ፒኤምኤስኤፍ ከሆነ ውሃ ውስጥ ቶሎ ስለሚሞት አስቀድሞ ጨምሮ ማሳደር ከንቱ ነው። ናሙናው በኋላ ኒኬል ኮለም (ኒኬል የያዘ የፕሮቲን ማጥሪያ ቱቦ) ላይ የሚወጣ ከሆነ ኢዲቲኤውን ተዉት፤ ኒኬሉን ነቅሎ ይወስደዋል።

ባለ 10 ሴንቲሜትር ሳህን ላይ ያደጉ ሕዋሳት በቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ጨዋማ ባፈር) ሁለት ጊዜ ይታጠባሉ፤ የመጨረሻዋ የፒቢኤስ ጠብታ ሳትቀር ትመጠጥ፤ የቀረው ፈሳሽ ባፈሩን ያቀጥነዋል። ከ0.5 እስከ 1 ሚሊ ሊትር ባፈር ፈስሶ በረዶ ላይ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል፣ ተፍቆ ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ በ14,000 ጂ በ4 ዲግሪ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይሽከረከራል። የተፈለገው ፕሮቲን ከላይ ባለው የጠራ ፈሳሽ ውስጥ ነው። በዚህ ደረጃ ምርቱ እንከን የለውም ማለት ይቻላል። ቀይ የደም ሕዋስን በመፍታትም ቢሆን እጅግ አስተማማኝ ነው፤ ሌላ መድኃኒት ሕዋስ ማፍረሱ ሲለካ መቶ በመቶ የፈረሰ ተብሎ ማነጻጸሪያ የሚሆነው በትራይተን የተከፈተው ናሙና ነው።

ቱቦው ውስጥ ያለው ነገር እንደ ተልባ ቢዝለገለግ ጥፋቱ የትራይተን አይደለም። ትራይተን የውጭውን ሜምብሬን ሲፈታ ኒውክሊየሱን በአብዛኛው ቅርጹን እንደያዘ ይተወዋል፤ ከሥሩ ያለው የላሚን መረብ በዲተርጀንት አይፈርስም። የሚዝለገለገው ዲኤንኤ ነው፤ የወጣውም በጉልበት ስለተመታ ወይም ጨው ስለበዛበት ነው። በቀጭን መርፌ አሥር ጊዜ ያህል ስቦ መግፋት ይቆራርጠዋል። ዲኤንኤ ቆራጭ ኢንዛይም፣ ኑክሊኤዝ፣ መጨመርም ይቻላል፤ ግን ኑክሊኤዝ ማግኒዥየም ስለሚፈልግ ኢዲቲኤ ባለበት ባፈር ውስጥ ሥራ ፈት ሆኖ ይቀመጣል።

ፕሮቲኑ ከላይ ጠፍቶ ዝቃጩ ውስጥ ከተገኘ መጀመሪያ የሚጠየቀው የሊፒዱ መጠን ነው። ሜምብሬን የሚፈታው በደረጃ ነው፦ መጀመሪያ ትራይተን ሳይበጥሰው ውስጡ ይሰገሰጋል፣ ቀጥሎ ጥጋብ ላይ ሲደርስ የሜምብሬን ቁራጭና ቅይጥ ሚሴል አብረው ይኖራሉ፣ በመጨረሻ ሁሉም ወደ ሚሴል ይለወጣል። የሚወስነው የዲተርጀንቱ ለሊፒዱ ያለው ምጣኔ እንጂ 1 በመቶ የሚለው ቁጥር አይደለም። በክብደት ለአንድ ሊፒድ አሥር ያህል ዲተርጀንት ማሰብ ለጅማሬ ጥሩ መለኪያ ነው። የአንጎል ቲሹን፣ ስቡ የበዛውን፣ እንደ ተራ የሕዋስ ሳህን በጥቂት ባፈር ለመክፈት የሚሞክር ሰው ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሌላው ምክንያት ቅዝቃዜው ነው። ኮሌስትሮልና ስፊንጎሊፒድ የበዛባቸው የሜምብሬን ክፍሎች በ4 ዲግሪ ላይ ጭራዎቻቸው ቀጥ ብለው ጥቅጥቅ ስለሚሉ ትራይተን መግቢያ ቀዳዳ ያጣል። ብራውንና ሮዝ እ.ኤ.አ. በ1992 በጂፒአይ መልሕቅ የተንጠለጠሉ ፕሮቲኖች በቀዝቃዛ ትራይተን እንደማይሟሙ ካሳዩ በኋላ ብዙ ሰው እነዚህን ቅሪቶች የሕዋሱ ሊፒድ ራፍት (ሜምብሬን ላይ የሚንሳፈፉ የሊፒድ ደሴቶች) ናቸው ብሎ ወሰዳቸው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያሻል፦ በ4 ዲግሪ ያልሟሟ ነገር ሁሉ በ37 ዲግሪ ሕይወት ባለው ሕዋስ ውስጥ እንዲያው ተሰብስቦ ነበር ማለት አይደለም፤ ትራይተን ራሱም ሊፒዶችን ያሰባስባል። ፍላጎታችሁ ፕሮቲኑን ማውጣት ብቻ ከሆነ ሌላ ዲተርጀንት፣ 60 ሚሊሞላር ኦክቲል ግሉኮሳይድ፣ መጨመር ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

ባክቴሪያ ላይ የሚሠራ መስሏቸው የሚያዝኑም አሉ። ኢ. ኮላይን ትራይተን ብቻውን አይከፍተውም። የውጭ ሜምብሬኑ ገጽ በሊፖፖሊሳካራይድ ስለተሸፈነና ሊፖፖሊሳካራይዱም በማግኒዥየም ስለታሰረ ዲተርጀንቱ ዘልቆ አይገባም። 1 ሚሊግራም በሚሊ ሊትር ላይሶዛይም (የባክቴሪያን ግድግዳ የሚቆርጥ ኢንዛይም) ጨምሮ በረዶ ላይ 30 ደቂቃ ማቆየት፣ ከዚያ ሶኒኬተር። ትራይተኑ የሚረዳው ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ ይልቅ እጅግ የሚያገለግለው የኢንክሉዥን ቦዲ (ባክቴሪያው ውስጥ ተጓጉሎ የተከማቸ ፕሮቲን) እጥበት ላይ ነው፦ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ ትራይተን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲያጥበው የሜምብሬኑ ፍርስራሽ ይሄዳል፤ የተጓጎለው ፕሮቲን ግን ንቅንቅ አይልም፣ የሚፈታው 8 ሞላር ዩሪያ ወይም 6 ሞላር ጓኒዲን ነው። ትራይተን ፕሮቲን የማያፈርስ ገር መሆኑ የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ለማይክሮስኮፕ፣ በ4 በመቶ ፓራፎርማልዲሃይድ ባለበት እንዲጸና የተደረገ ሕዋስን ከ0.1 እስከ 0.25 በመቶ ትራይተን በ10 ደቂቃ ውስጥ ለፀረ-ሰውነት ክፍት ያደርገዋል። ለኒውክሊየስ ፕሮቲን ከዚህ የተሻለ ብዙ የለም። ዒላማው ራሱ የሜምብሬን ፕሮቲን ከሆነ ግን ትራይተን ቤቱን ከነባለቤቱ ጠርጎ ሊወስደው ይችላል፤ ፓራፎርማልዲሃይድ ሊፒድን አያስርምና። እዚያ ላይ 0.1 በመቶ ሳፖኒን ይሻላል። ሳፖኒን ኮሌስትሮልን ይዞ ቀዳዳ ያበጃል እንጂ ሜምብሬኑን አይበትንም። ቀዳዳው ተመልሶ ሊደፈን ስለሚችል በፀረ-ሰውነቱም በማጠቢያውም ባፈር ውስጥ ሳይቋረጥ መኖር አለበት።

የሳፖኒን ነገር ለኛ ሰው እንግዳ መሆን የለበትም። በጠርሙስ የሚሸጠው በአብዛኛው የደቡብ አሜሪካ ዛፍ ልጣጭ ነው፤ እንዶድ ግን የዚያው ወገን ነው። እናቶች ሸማ ያነጡበት አረፋ ሳፖኒን ነው፦ አንድ ወገኑ ውሃ ጠል፣ ሌላው ወገኑ ስኳር። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ልብስ በእንዶድ ከሚታጠብበት በታች ባለው ውሃ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ያያቸው፣ ከዚያም ወደ ቢልሃርዝያ መከላከያነት የሄደው ነገር፣ በሞለኪውል ደረጃ የሚጀምረው ሳፖኒን ከሕዋስ ሜምብሬን ጋር በሚያደርገው ግንኙነት ነው።

አሁን ወደ ወቀሳው። ናሙናውን ባለ 10 ኪሎዳልተን ቱቦ ውስጥ አድርጎ ዳያሊሲስ ላይ ማሳደር ለጨው ይሠራል፤ ለትራይተን አይሠራም። 90 ኪሎዳልተኑ ሚሴል በቀዳዳው አያልፍም። የሚያልፈው ነጠላው ሞለኪውል ብቻ ነው፤ እሱም ከ0.24 ሚሊሞላር አይበልጥም፤ 16 ሚሊሞላር የሚሆነውን 1 በመቶ በዚህ ጠብታ መጨረስ ባሕርን በማንኪያ መቅዳት ነው። ኦክቲል ግሉኮሳይድ ግን ሲኤምሲው 20 ሚሊሞላርን ያልፋል፣ ሚሴሉም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ በአንድ ሁለት ቀን ዳያሊሲስ ይወጣል። ልዩነቱን የሚያመጣው የጭራው ርዝመትና ክብደት ነው፤ ራሳቸው አንድ ዓይነት በሆኑ አዮን አልባ ዲተርጀንቶች ላይ ሁለት ካርቦን ሲጨመር ሲኤምሲው አሥር እጥፍ ያህል ይወርዳል። ባለ 10 ካርቦኑ ዴሲል ማልቶሳይድ 1.8 ሚሊሞላር፣ ባለ 12 ካርቦኑ ዶዴሲል ማልቶሳይድ 0.17 ሚሊሞላር። ውሃው ጭራውን በገፋው ቁጥር ሚሴሉ ይበረታል፤ ሚሴሉ በበረታ ቁጥር ማስወጣቱ ይከብዳል።

የሴንትሪፊውጅ ፊልተር ደግሞ ከዳያሊሲሱ የባሰ ወጥመድ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ናሙና ባለ 30 ኪሎዳልተን ፊልተር ላይ ወደ 0.5 ሚሊ ሊትር ሲወርድ ፕሮቲኑ ብቻ ሳይሆን ሚሴሉም አብሮ ይታመቃል፤ 1 በመቶ የነበረው ወደ 20 በመቶ ሊጠጋ ይችላል። ፕሮቲኑ ከፊልተሩ ላይ ወፈር ብሎ እንደ ሽሮፕ ሲቀር ብዙ ፕሮቲን አገኘሁ ብሎ የሚደሰት አይጠፋም።

የሚሠሩት መንገዶች ሦስት ናቸው። የፖሊስታይሪን ዶቃ፣ ባዮ-ቢድስ ኤስኤም-2 የሚባለው፣ ነጠላውን ትራይተን በውሃ ጠል ገጹ ላይ እየለጠፈ ሚሴሉን ያራግፈዋል። ዶቃው ራሱ ውሃ ጠል ስለሆነ ደረቁን ብትጨምሩት ተንሳፍፎ ይቀራል፤ አስቀድሞ በሜታኖል፣ ቀጥሎ በብዙ ውሃ መታጠብ አለበት። ሁለተኛው አሴቶን ነው፦ የናሙናውን አራት እጥፍ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የቀዘቀዘ አሴቶን፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ማሽከርከር። ፕሮቲኑ ይዘቅጣል፣ ትራይተኑ አሴቶኑ ውስጥ ይቀራል። ፕሮቲኑ ግን መታጠፉን ያጣል፤ ለጄል (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለመለየት) ካልሆነ በቀር አይሆንም። ሦስተኛውና የሚመረጠው፣ ፕሮቲኑን ኮለም ላይ አስሮ ማጠብ ነው። 0.03 በመቶ ዶዴሲል ማልቶሳይድ ያለበት ባፈር ከኮለሙ መጠን ከ10 እስከ 20 እጥፍ ይለፍበት። ምትክ ሳያስቀምጡ ትራይተኑን ብቻ ማጠብ የሜምብሬን ፕሮቲንን ራቁቱን ማስቀረት ነው፤ ኮለሙ ላይ ይጓጎላል።

በዚህ እጥበት ላይ የትራይተን አንድ ክፉ ጠባይ ለበጎ ይውላል። የፌኒል ቀለበቱ 275 ናኖሜትር አካባቢ አልትራቫዮሌትን ይመጥጣል። በ1 በመቶ ላይ በ280 ናኖሜትር ብርሃን ፕሮቲን ለመለካት መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ መሣሪያው ከልኩ ያልፋል። ኮለም ሲታጠብ ግን የ280 መስመር ወርዶ ጠፍጣፋ ሲሆን ትራይተኑ መውጣቱን በዓይን ያሳያል። ፕሮቲኑን ለመለካት ቢሲኤ የሚባለውን የቀለም ልኬት ተጠቀሙ፤ እስከ 5 በመቶ ትራይተን ይችላል። ሌላው የቀለም ልኬት፣ ብራድፎርድ፣ ከ0.1 በመቶ በላይ አይታመንም፤ ቀለሙ ዲተርጀንቱንም ስለሚይዝ ፕሮቲን የሌለበት ማነጻጸሪያ ቱቦ ራሱ ሰማያዊ ይሆናል።

ማስ ስፔክትሮሜትሪ ላይ ምሕረት የለም። ያ የራሶች ቅይጥ በ44 ዳልተን ልዩነት የተደረደሩ ሹል ጫፎች ሆኖ ይወጣል፤ እንደ መሰላል። የፔፕታይዶቹ ምልክት ከሥሩ ይቀበራል፣ ትራይተኑም ኮለሙ ላይ ተለጥፎ በሚቀጥሉት ናሙናዎች ሁሉ ብቅ ይላል። መጨረሻው ማስ ስፔክትሮሜትሪ ከሆነ ይህን ጠርሙስ ከመጀመሪያው አትንኩት።

ታናሽ ወንድሙ ኤክስ-114 ለብቻው መወሳት አለበት፤ በጣም የተወደደ ምርት ነው። ራሱ አጭር ነው፣ በአማካይ 7.5 ቁራጭ፤ በዚህ ምክንያት የሚደፈርሰው በ64 ሳይሆን በ22 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቦርዲዬ እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመው ዘዴ ይህን ይጠቀምበታል፦ ናሙናው በረዶ ላይ በ1 በመቶ ኤክስ-114 ይሟሟል፣ በ30 ዲግሪ 3 ደቂቃ ይሞቃል፣ ሲደፈርስ በ300 ጂ 3 ደቂቃ ይሽከረከራል። ከታች ዘይት የመሰለች ጠብታ ትቀመጣለች፤ የሜምብሬን ፕሮቲኖች እዚያ ውስጥ፣ የውሃ ወዳዶቹ ከላይ። ያለ ኮለም፣ በአሥር ደቂቃ። እዚህ ላይ የላቡ ሙቀት ይፈርዳል። አዲስ አበባ ጠዋት ላይ ክፍሉ ከ22 ዲግሪ በታች ሊሆን ይችላል፣ ሴንትሪፊውጁም ሌሊቱን በ4 ዲግሪ ቆይቶ ከሆነ ጠብታዋ እየተሽከረከረች ተመልሳ ትሟሟለች። ማሽኑን ወደ 30 ዲግሪ አሞቁት፣ ቱቦ መያዣውንም ጭምር። ድሬዳዋ ላይ ችግሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ከበረዶው ላይ ካነሳችሁት ገና ሳታሞቁት ይደፈርሳል።

ስም የሚያሳስታቸው ምርቶች አሉ። ትራይተን ኤክስ-405 ያው ጭራ ቢኖረውም ራሱ ከ30 በላይ ቁራጭ ስላለው ሜምብሬን መክፈት ላይ ሰነፍ ነው። የድሮ ጽሑፎች የሚጠሩት ኖኒዴት ፒ-40 ከገበያ ወጥቷል፤ ተተኪው ኢጌፓል ሲኤ-630 ነው፣ ከትራይተን ጋር ወንድማማች ናቸው ማለት ይቻላል። ተርጂቶል ኤንፒ-40 የሚል ጠርሙስ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ 40 ያህል ቁራጭ ያለው ራስ ይዞ ሕዋሱን ሳይነካው ያልፋል። ካታሎግ ላይ የስሙን ተመሳሳይነት አይቶ ያዘዘ ሰው ወር ሙሉ ፕሮቲን ፍለጋ ሊንከራተት ይችላል።

ዕድሜውም ይታይ። የውሃ ወዳዱ ራስ ሰንሰለት ብርሃንና አየር ሲያገኘው ፐርኦክሳይድ ያበጃል፤ ፐርኦክሳይዱ የፕሮቲኑን ሲስቴይንና ሜታዮኒን (ሰልፈር ያላቸውን አሚኖ አሲዶች) ያቃጥላል። ቢጫነቱ እየጠቆረ የሄደ አሮጌ ጠርሙስ ለጄል ይሆናል፤ ለኢንዛይም ግን አይሆንም። ለዚህ ሥራ በናይትሮጅን ታሽጎ በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ የሚሸጠው 10 በመቶ ብጥብጥ ተጨማሪ ዋጋው ይገባዋል። በ280 መለካት የግድ ለሆነበት ደግሞ ቀለበቱ በሃይድሮጅን የጠገበ፣ ሪዱስድ ትራይተን የሚባል አለ፤ ውድ ነው።

የአካባቢ ጉዳቱን በተመለከተ ወቀሳው ከባድ ነው። ፍሳሽ ውስጥ ሲበላሽ ራሱ እያጠረ ሄዶ ኦክቲልፌኖል ይቀራል፤ ይህም የዓሣን ሆርሞን የሚያዛባ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከጥር 4 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ በፋብሪካ መጠቀምን ከልክሏል፤ ለሳይንሳዊ ምርምር የሚውለው ትንሽ መጠን ነጻ ነው። ክልከላው ክፉኛ የነካው የፕላዝማ መድኃኒት አምራቾችን ነበር፤ ኤችአይቪንና ሄፓታይተስ ቢና ሲን የመሰሉ የሊፒድ ካባ ያላቸው ቫይረሶችን የሚገድሉት በ1 በመቶ ትራይተንና በ0.3 በመቶ ትሪቡቲል ፎስፌት ነበርና። ካባ የሌለውን ሄፓታይተስ ኤ ግን ይህ ቅይጥ አይነካውም፤ የሚፈታ ሊፒድ የለውማ። ፌኒል ቀለበት የሌለው ተርጂቶል 15-ኤስ-9 ዛሬ እንደ ምትክ ይሸጣል፤ በ280 አለመታየቱም ተጨማሪ ጥቅም ነው። አዲስ ፕሮቶኮል የሚጀምር ላብ ከሱ ቢጀምር ይሻላል።

ለግዢ፦ ለተራ ሕዋስ መክፈቻና ለማይክሮስኮፕ 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለአንድ ላብ ረጅም ጊዜ ይበቃል፤ ርካሽ ነው ብሎ ሊትር መግዛት ፐርኦክሳይድ ማጠራቀም ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ስለሚጎዳ ንጹሑ ሲቀዳ መነጽር ይደረግ። የተረፈው ባፈር ሲንክ ውስጥ አይፈስም፤ ለኬሚካል ቆሻሻ በተለየው ጄሪካን ላይ ትራይተን ኤክስ-100 ተብሎ ተጽፎ ይጠራቀም።